ከጭስ ላይ ያወረድኩት ፈረስ

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና በተመለመለ ጊዜ ሚስቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ስሙን ካነበበበት ቀን አንስቶ እስከሚሄድበት ዕለት ዐሥር ቀን እንኳ አልነበረውም። ሌላው ሰው ይህን ያህል ጊዜ ቢያገኝ ዘመድ ይሰናበታል፣ ያልታረመ ማሳ ካለው ያርማል፣ ልቡ ከደፈረም ጫካ ይገባል። የእኔ ወንድም ግን እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ጉቶ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይጠርብ ነበር። እኔ ያኔ ሆሳዕና ከተማ አስተማሪ ነኝ። እሱን ልሰናበት ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭቃ ስረግጥ መጥቼ፣ ሌሞ ገጠር ካለው የእናታችን ቤት ደርሼ እንዲያ ሆኖ ሳገኘው ደሜ ፈላ።

«አንተ፣ ዘመቻ ነው የምትሄደው ወይስ ገበያ?» አልኩት። ሲከፋኝ አፌ ነው የሚቀድመኝ፤ ይህን ጠባዬን እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ቀና እንኳ አላለም። «ለልጄ ፈረስ እየሠራሁ ነው። ከምትጮኺብኝ ያንን መሮ አቀብዪኝ» አለኝ።

አቀበልኩት። ከዚያም ቁጣዬን ረስቼ እስኪመሽ አጠገቡ ተቀምጬ ሲሠራ አየሁት። ፈረሱ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ቢሆን ነው። አራት ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ ቆሟል። ገላውን ከዋንዛ ነው የጠረበው፤ ዋንዛ ለቢላዋ እሺ ይላል። ጎማዎቹን ግን ከወይራ ቆርጦ፣ እጁ እስኪላጥ ነበር ያከበባቸው። ልዩ የሚያደርገው አንገቱ ነው። ወንድሜ ከፊተኞቹ ጎማዎች ዘንግ ላይ አንዲት ትንሽ እንጨት ሰክቶ ነበርና፣ ፈረሱ በገመድ ሲጎተት ያቺ እንጨት አንገቱን ከሥር እየገፋች ራሱን ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች። እሺ፣ እሺ፣ እሺ የሚል ፈረስ ማለት ነው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ከራሱ ነው ያመነጨው።

የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ፈረሱን ለእናታችን ሰጣት። «እማ፣ ይህን ለልጁ ማንም እንዳይሰጠው። ስመለስ እኔው በእጄ እሰጠዋለሁ» አላት። እናቴ አላለቀሰችም። «እጠብቅሃለሁ» አለችው፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ወንድሜ ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ከሄደ በኋላ ፈረሱን በቅቤ አሸችው፣ በቃጫ ገመድ አሰረችና ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ አስቀመጠችው።

እኛ አገር ውድ ነገር የሚቀመጠው እዚያ ነው። የሚመጣው ዓመት ዘር፣ ቅሉ፣ የእንጨት ገበታው፣ ሁሉም ከእሳቱ በላይ ቆጥ ላይ ይወጣና ጭስ ሲጠጣ ይኖራል። ጥቀርሻ ያለብሰዋል፤ ነቀዝ ግን አይደርስበትም። እናቴ ያልተማረች ሴት ናት፤ ይህን ግን ከእናቷ ተምራዋለች። እኔ መምህርቷ ጭስ የጠላሁት ከተማ ከገባሁ በኋላ ነው። ቤት በሄድኩ ቁጥር ልብሴ ጭስ ጭስ ሲል ተመልሼ ተማሪዎቼ ፊት መቆም ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ያ ኀፍረቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነው። የአባቱ ደብዳቤ ከሰሜን ሁለት ጊዜ መጣ፣ አንዴ ፎቶ ልኮ ነበር፣ ከዚያ ጠፋ። ልጁ መዳህ ከጀመረ አንስቶ ዓይኑ ቆጡ ላይ ነው። እናቴ በመስቀል በመስቀል ፈረሱን ታወርደዋለች፣ ቅቤ ትቀባዋለች፣ ልጁ ጆሮዎቹን በጣቱ እንዲነካ ትፈቅድለታለች። ከዚያ መሬት ላይ ታቆመውና ገመዱን ራሷ ይዛ፣ በሀዲይኛ፣ «በል እስቲ፣ አባቱ ይመጣል?» ብላ ትጠይቀዋለች። ትጎትተዋለች። ፈረሱም እሺ፣ እሺ፣ እሺ ይላል። ልጁ በሳቅ ይፈርሳል። እናቴ መልሳ ቆጡ ላይ ትሰቅለዋለች።

ጨዋታ ነው። እናቴ ጌታን የምታምን፣ ጸሎት ቤቱ በታሸገ ጊዜ እንኳ ጎረቤቶቿን ሰብስባ በሹክሹክታ የምትጸልይ ሴት ናት፤ ከእንጨት ትንቢት አትጠብቅም። እኔም እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። ግን ገመዱን ስትጎትት ፊቷን ልብ ብዬ አይቼዋለሁ። ልጁ ወደ ፈረሱ ሲያይ እሷ ትንፋሿን ይዛ ነበር።

ደብዳቤው ከጠፋ ዓመት ሲያልፍ መንደሩ ማጉረምረም ጀመረ። «ሞቷል፤ ለቅሶው ይቀመጥለት እንጂ፤ ሰው ሳይለቀስለት ይቀራል እንዴ?» ይሏታል ሽማግሌዎቹ። እውነታቸውን ነው፤ የብዙ ቤት ልጅ እንዲያ ነበር የቀረው፣ ማንም ደብዳቤ አልጻፈላቸውም። እናቴ ግን፣ «ፈረሱ እዚያ ላይ እያለ ለማን ነው የማለቅሰው?» ትላቸዋለች። ነገሩ ይኸው ነበር። ያ እንጨት ቆጡ ላይ እስካለ ድረስ ልጇ በሕይወት አለ።

ቀጥሎ መንደር ምሥረታ መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በመስመር በተለካ መንደር ይሰፍራል ተባለ። ስብሰባ ላይ ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ሲፈለግ ከከተማ አስተማሪ ተላከ፤ አንዷ እኔ ነበርኩ። ቀበሌያችን ድረስ ሄጄ፣ ገዛ እናቴ ፊት ቆሜ፣ ማድ ቤት ከመኖሪያ ቤት መለየት አለበት፣ ጭስ የዓይንና የሳንባ ጠላት ነው እያልኩ አነበብኩ። አላስገደዱኝም ብል ውሸት ነው፤ አላመንኩበትም ብልም ውሸት ነው። የእናቴ ዓይን በጭስ ቀልቶ ሲያለቅስ ስላደግኩ ልቤ ከጽሑፉ ጋር ነበር።

ቤቷ ፈረሰ። ምሰሶውን ጎረቤት ተሸክሞ አዲሱ ቦታ አደረሰላት፣ ቆጡ ግን እንደ ነበረ የሚነሳ ነገር አይደለም፤ ተሰባበረ። አዲሱ ጎጆ ችኮላ ስለነበረበት ክዳኑ ሳይጠብቅ ክረምት መጣበት። እናቴ ፈረሱን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሆሳዕና ድረስ ራሷ ይዛው መጣች። ያን ሁሉ መንገድ ለማንም አላሸከመችውም።

«የአንቺ ቤት ቆርቆሮ ነው፣ አያፈስም» አለችኝ። «እኔ ማድ ቤት አቁሜ እሳት እስካነድ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ጭስ ካለበት አድርጊው።»

«እሺ እማ፣ አታስቢ» አልኳት።

ጭስ ነበረኝ፣ እንዳልነበረኝ አላስመስልም። የምኖርበት ግቢ ተከራዮች ሁሉ በእንጨት የምናበስልበት አንድ ማድ ቤት ነበረን። እኔ ክፍሌ ውስጥ የላምባ ምድጃ ስለነበረኝ ብዙም አልገባበትም እንጂ፣ አንድ ሚስማር መትቶ መስቀል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ያንን የጠቆረ ፈረስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አየሁትና አዘንኩለት። ጥቀርሻውና ቅቤው አብሮ ተጋግሮ የወንድሜ ቢላዋ ያለፈበት እንኳ አይታይም። ይህ ለልጅ የሚሰጥ ነገር ነው? ወንድሜ ሲመጣ ይህን ነው የሚያገኘው? አሳምሬ ላቆየው ብዬ ተነሳሁ።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔ የወንድሜን ፈረስ አጠብኩ። ሙቅ ውሃ አፍልቼ፣ ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በልብስ ሳሙናና በብሩሽ ፈተግኩት። ውሃው እንደ ቀለም ጠቆረ፤ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። በመጨረሻ ዋንዛው ፈካ ብሎ ወጣ። የወንድሜ ቢላዋ አንገቱ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ጋማው ላይ ያለፈበት መስመር አንድ በአንድ ታየኝ፤ ዕንባዬ መጣ። በራሴ ኮራሁ። እንዲያውም ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳየኋቸው።

ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ የቆርቆሮው ክዳን ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከላይ ደረቀ። በማግስቱ ከአናጢ ቤት ቫርኒሽ ገዝቼ ሁለት እጅ ቀባሁት። ሲያብለጨልጭ ደስ ይል ነበር። ከዚያም በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ላስቲኩን አጥብቄ አስሬ፣ ዙሪያውን የብል መድኃኒት በትኜ፣ የብረት ሳጥኔ ውስጥ ከጋቢዬ ሥር ቆለፍኩበት። ከዚህ በላይ የተጠበቀ ዕቃ ሆሳዕና ውስጥ ያለ አልመሰለኝም። ክረምቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈትኩትም።

ለመስቀል እናቴ ላከችብኝ። ማድ ቤቷን አቁማለች፣ እሳቷ ነድዷል፣ ፈረሱን ይዤ እንድመጣ ነው። የበዓሉ ዋዜማ ሳጥኑን ከፈትኩ። ላስቲኩን ስፈታ የሻገተ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ከሥር እንደ በሶ የላመ ዱቄት ተጠራቅሟል። ፈረሱን ከወገቡ ይዤ ሳነሳው አንገቱ እዚያው ላስቲኩ ላይ ቀረ።

ውስጡ አልደረቀም ነበር። እርጥበቱን በቫርኒሽ አሽጌበት፣ ነቀዙን ያራቀለትን ጥቀርሻና ቅቤ በሳሙና አጥቤለት፣ ከዚያ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ለወራት ቆልፌበታለሁ። ከላይ ሲያብለጨልጭ ከውስጥ ተበልቶ አልቋል። አንገቱን የምትገፋው ትንሿ እንጨት ብናኝ ሆናለች። ደህና የነበሩት ጎማዎቹና ሳንቃው ብቻ ናቸው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ዱቄቱን መዳፌ ላይ ይዤ፣ «እማ ምን ትለኛለች?» ነበር ያልኩት። ልብ በሉ፤ ስለ ወንድሜ አይደለም ያሰብኩት። ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት። ያቺ የተማረች ልጅ፣ መድረክ ላይ ቆማ ስለ ጭስ ያነበበችው።

በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩና የሳጥኔ ቁልፍ ጠፋ አልኳት። እናቴ ቅር አላት እንጂ አልጠረጠረችኝም። «ይገኛል፣ አትዘኚ» ብላ እንዲያውም አጽናናችኝ። ያን ጊዜ እግሯ ላይ ወድቄ እውነቱን ብነግራት ኖሮ ትቆጣ ነበር፣ ምናልባትም ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ ግን ፈረሱ በእኔ እጅ እንደ ተበላሸ ታውቅ ነበር። በእኔ እጅ።

እኔ ግን አናጢ ፍለጋ ሄድኩ። ከዱራሜ በኩል መጥተው ሆሳዕና ገበያ አጠገብ የሚሠሩ፣ እጃቸው የተመሰከረለት ሽማግሌ ነበሩ። ስብርባሪውን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግፌ፣ «ጋሼ፣ ይህንኑ የሚመስል ይሥሩልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አገላበጡት። ገላውን በደንብ አስመሰሉት፤ ጆሮውን፣ ጋማውን፣ የቆመበትን ሁኔታ ሁሉ። አንገቱ ግን እንቢ አላቸው። የምትገፋዋ እንጨት ስለ ጠፋች እንዴት እንደምትሠራ በአፌ ብነግራቸውም ሁለት ጊዜ ሞክረው ተዉት።

«መምህርት፣ ይህን የሠራው ልጅ ራሱ መጥቶ ያሳየኝ» አሉኝ። «ጊዜ ከሰጠሽኝ ደግሞ እሞክራለሁ።»

«ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሁን» አልኳቸው። ቸኩዬ ነበር።

ስብርባሪውን እሳቸው ሊያስቀምጡልኝ ፈልገው ነበር። «ጎማዎቹ ወይራ ናቸው፣ አንድ ቀን ይጠቅማሉ» ብለውኛል። እኔ ግን የሌሞ ሰው በገበያ ቀን በሳቸው ደጅ እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ወሬው እኔን ቀድሞ እናቴ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ለቅሜ፣ ቅንጣት ሳላስቀር በዘንቢል ይዤው ሄድኩ። የግቢያችን ማድ ቤት ውስጥም ምድጃ ላይ አድርጌ አቃጠልኩት። ዋንዛው ወዲያው ነደደ። ወይራዎቹ ግን እሳታቸው አይጠፋም ነበር፤ ረጅም ሰዓት ቀላ ብለው ቆዩ። ፍሙ ያሳዝናል ብዬ ሽሮ ጣድኩበት። በዚያ እሳት የበሰለውን ሽሮ በላሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አዲሱን ፈረስ ያንኑ ማድ ቤት ውስጥ ሰቅዬ ወራት አጨስኩት። በየሳምንቱ ቅቤ ቀባሁት። ለእውነተኛው ማድረግ የነበረብኝን ሁሉ፣ እናቴ የነገረችኝን በሙሉ፣ ለሐሰተኛው አደረግኩ። እንዴት አድርጎ ጠቆረ መሰላችሁ፤ ሽታው ሳይቀር የእናቴ ቤት ሽታ ሆነ። ፋሲካ ሲደርስ ቁልፉ ተገኘ ብዬ ወሰድኩላት።

እናቴ ማድ ቤቷ በር ላይ ተቀበለችኝ። ፈረሱን ከእጄ ወስዳ ጎኑን ዳበሰችው፣ ፈገግ አለች። ልጁ ያኔ አራት ዓመቱን ይዟል፤ እየዘለለ መጣ። ምራቷም ሥራዋን ትታ ወጣች። እናቴ መሬቱን በእጇ ጠረግ አድርጋ ፈረሱን አቆመችው፣ ገመዱን ያዘች፣ «በል እስቲ፣ አባቱ ይመጣል?» አለችው። ጎተተችው።

ፈረሱ አንገቱን ገትሮ ሄደ።

ቆም አለችና መልሳ ወደ መነሻው አመጣችው። «አባቱ ይመጣል?» አለች ደግማ፤ ድምፅዋ አሁን ወርዷል። ጎተተችው። ጎማዎቹ ዞሩ፣ አንገቱ አልተንቀሳቀሰም። ልጁ ሳቁን ሊጀምር ከንፈሩን ከፍቶ እንደ ጠበቀ ቀረ።

«ደርቆ ነው እማ» አልኳት። «እንጨት ሲያረጅ እንዲህ ነው፤ ይተሳሰራል።»

ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ነገር ብትጠይቀኝ ኖሮ እናገር ነበር፣ እላለሁ ለራሴ። አልጠየቀችኝም። «ደርቋል» አለች፣ ያንኑ ቃል ደግማ፣ ሌላ አልጨመረችም። ሌላ ጊዜ ሳልጠራው የሚቀድመኝ አፌ ያን ቀን ተሸጎረ። ምሳ በላን። ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ቀለል ብሎኝ ነበር፤ ሌላው ለማመን የሚያሳፍረኝ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ፈረሱን ቆጥ ላይ አላወጣችውም። ጥቂት ሳምንት ቆይታ ለልጁ በገዛ እጇ ሰጠችው። «ተጫወትበት» አለችው። ምራቷ ናት የነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር። ልጁ በደስታ አብዶ ቀኑን ሙሉ በመንደሩ ሲጎትተው ዋለ። በዚያው ሰሞን እናቴ ሽማግሌዎቹን አስጠራችና፣ «እሺ፤ ይለቀስለት» አለቻቸው።

አስከሬን የሌለበት ለቅሶ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ከሰሜን የላከውን ፎቶ ወንበር ላይ አድርገው፣ ኮቱን ከጎኑ አጥፈው አስቀመጡ። ከቦኖሻ፣ ከአንጋጫ ሳይቀር ዘመድ መጣ። እኔም ሄጄ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ወንድሜን ሲያለቅስ እኔ ፎቶውን ማየት አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሰው ኀዘን የጎዳኝ መስሎት ደገፈኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ተነስቼ፣ «ቁሙ፣ ያ ፈረስ የእሱ አይደለም፣ እንቢ ያለው አናጢው የሠራው ነው» ማለት እችል ነበር። እብድ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ለነገሩ እኔም በልቤ ሞቷል ብዬ ነበር። ከሞተ ምን ለውጥ አለው አልኩ።

እናቴ ከዚያ በኋላ አልቆየችም። በሽታዋ ምን እንደ ነበር የሆስፒታል ሰዎች ነግረውናል፣ ስም አለው። እሷ ግን መድኃኒቱንም ምግቡንም እንደ ሰው ውለታ ነበር የምትወስደው፤ ላለማስቀየም። አንድ ቀን ግንባሯን እየዳበስኩ ልነግራት ጀመርኩ። «እማ፣ ያ ፈረስ...» ስል እጄን ያዘችኝ። «ተዪው፣ ልጁ ይጫወትበት» አለች። አውቃ ነው? ወይስ የተናገረችው ስለ ልጁ ብቻ ነው? ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት ልነግራችሁ አልችልም። ካወቀች፣ የሠራሁትን አውቃ ዝም አለችልኝ ማለት ነው። ካላወቀች ደግሞ ልጇ የሞተ መስሏት ሞተች። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም።

እሷ በሞተች በሁለተኛው ዓመት መንግሥት ወደቀ። የተበተነው ወታደር በየመንገዱ እየተጎተተ ወደየአገሩ ሲገባ አንድ ከሰዓት በኋላ የክፍሌ በር ተንኳኳ። የከሳ፣ ፂሙ ያደገ ሰው ቆሟል። «እህቴ» ሲለኝ ነው ያወቅኩት። ለካስ ተማርኮ ነው እነዚያን ዓመታት የጠፋው። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች የሉም። እዚያው በሩ ላይ አንገቱን አቅፌ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። የእናታችንን መሞት የነገርኩት እኔ ነኝ። ለእሱም ለቅሶ እንደ ተቀመጠለት የነገርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አብረን መንደር ገባን። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አባቱን አያውቀውም። ሚስቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ቤት ሮጠ። ሲመለስ ፈረሱን ታቅፏል። «የሠራህልኝ ይኸው፣ አልሰበርኩትም» አለው።

ወንድሜ ፈረሱን ተቀበለ። ጎኑን አየ። ገልብጦ ዘንጉን አየ። በሁለት ጣቱ አንገቱን ነካ አደረገው። ከዚያ እኔን አየኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁልህ» አለው ልጁን። «ጎበዝ፣ በደንብ ይዘኸዋል።» መልሶም በእጁ ሰጠው።

ገና ሳይመሽ እንሰቱ ጓሮ ወሰደኝ። «የእኔውስ?» አለኝ። የሆነውን ነገርኩት፤ ማጠቤን፣ ቫርኒሹን፣ ሳጥኑን። ሳይቆጣ ሰማኝ። «ይሁን፣ ዋንዛው ይነቀዝ» አለ። «ጎማዎቹስ? ወይራ እኮ አይነቀዝም።»

«አቃጠልኳቸው።»

«እነሱ እንኳ ቢኖሩ፣ ሌላ ሰው ገላውን ጠርቦ እኔ አንገቱን አሳየው ነበር» አለኝ። ይህን ሲል እኔን ለመውቀስ አልነበረም፤ እጁን እያየ ነበር። ቀጥሎም፣ «እማ ግን ለምን አለቀሰችልኝ? እጠብቅሃለሁ ብላኝ ነበር እኮ» አለ።

መንገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ፈረሱ አንገቱን ገትሮ እንደ ሄደ፣ ሁለቴ እንደ ጠየቀችው፣ እኔም ደርቆ ነው ብዬ እንደ ዋሸኋት። «ሰው ጎተጎታት» አልኩት። «ሽማግሌዎቹ ካልተለቀሰለት ብለው እንቢ አሏት።» አመነኝ። ለዓመታት እነዚያን ሽማግሌዎች በመንገድ ሲያገኛቸው ሰላምታው ቀዝቀዝ ይል ነበር። አይቻለሁ፤ ዝም ብያለሁ። ወደ ጌታ እስኪሄድ ድረስ አልነገርኩትም።

ልጁ አሁን ሆሳዕና ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ የልጆች አባት ሆኗል። ባለፈው ዓመት አዲስ ቤት ሲገባ በካርቶን አንድ ነገር ይዞ እኔ ጋ መጣ። ሲከፍተው ያው ፈረስ ነው።

«አክስቴ፣ ልጆቼ ይሰብሩብኛል» አለኝ። «አባዬ የተወልኝ የእጁ ሥራ ይህ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ዕቃ መያዝ ታውቂበታለሽ። አባዬ ራሱ፣ ያ ፈረስ እስከ ዛሬ የቆየው በእህቴ ጥበቃ ነው እያለ ነበር የሚነግረኝ።»

ወንድሜ እንዲህ ማለቱን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ልጁ ፈገግ ብሎ እየጠበቀኝ ነው። ጠይም ፊቱ የአባቱን ይመስላል።

«እሺ፣ አስቀምጥልሃለሁ» አልኩት።

አሁን እኔ ቤት ነው ያለው። አንዲት ነቀዝ አልነካችውም።